ሮሜሮን የገደሏቸው ወንጌል ስለሰበኩ ነው ወይስ ፖለቲካ ስለተናገሩ?

ጥያቄ፦ የላውንደሪዋ እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዩ ረዘም ያለ ስለሆነ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው ሆቴል፣ ላውንደሪ ክፍል ውስጥ ነው። አንሶላና ፎጣ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እናጥፋለን። ከእኔ ጋር የምታጥፈው ሴት የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት። ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል። ትልቁ አንሶላ ለአንድ ሰው አይመችም። እሷ አንዱን ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሌላውን። ወጠር አድርገን ወደ መሀል እንመጣለን፣ ጫፍ ለጫፍ እናገናኝና እንመለሳለን። ጨዋታችን ሁሉ በዚህ መሀል ነው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ያን ያህል አይደለም፤ ግን እንግባባለን። እኔ የልጆቿን ዕድሜ አውቃለሁ፣ እሷም የእኔን የጾም ቀን ታውቃለች።

የልብስ ሳጥኗ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ የአንድ ቄስ ፎቶ ለጥፋለች። መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ፎቶው እንዳይበላሽ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ሥራ ከመጀመሯ በፊት በሁለት ጣቷ ነካ ታደርገውና ጣቶቿን ትስማለች። እኛ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደምንሳለመው ነው። መጀመሪያ አባቷ መስለውኝ ነበር። ለካ የሳን ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ኦስካር ሮሜሮ ናቸው። በየዓመቱ ማርች 24 ቀን ፈረቃ ትቀይራለች። የተገደሉበት ቀን ስለሆነ ቅዳሴ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ኖቬምበር አለቃችን ትርፍ ሰዓታችንን መቁረጥ ጀመረ። ሰዓቱን ሠርተን፣ ፈርመን እንወጣለን፤ ቼኩ ሲመጣ ጎድሎ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በፍቅር ነው የመለሱልኝ። «ልጄ፣ በጸሎት ያዢው። የዚህ ዓለም ነገር ኃላፊ ነው፤ ዋጋሽ በሰማይ ነው» አሉኝ። አምናለሁ። ጸለይኩም። የቤት ኪራዩ ቀን ግን ደረሰ።

እሷ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። አንዲት ትንሽ የልጅ ደብተር ገዛች። የእያንዳንዳችንን ስም፣ የሠራንበትን ቀንና ሰዓት ጻፈችበት። አንድ ሰኞ ጠዋት አሥራ አንዳችንንም ይዛን ቢሮ ገባች። አልጮኸችም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስም በስም ማንበብ ጀመረች። የእኔን ስም አጣማ ነው ያነበበችው፤ ሆኖም ስሰማው ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ስሜ በእንደዚያ ያለ ቦታ ጮክ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ከጎደለን አብዛኛው ተከፈለን።

ስንወጣ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኳት። የልብስ ሳጥኗን በር ከፍታ ፎቶውን አሳየችኝ። «እሑድ እሑድ በሬዲዮ የጠፉትን ሰዎች ስም ያነቡ ነበር። እናቴ ሬዲዮዋን መስኮት ላይ አስቀምጣ ታሰማን ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ስለ ሰውየው ሳነብ «የነጻነት ሥነ መለኮት» የሚባል ነገር አገኘሁ። አንዱ የድሆች ወንጌል ነው ይላል። ሌላው መስቀል የለበሰ ኮሚኒዝም ነው ይላል። እኔ ደግሞ ደርግን ካየ ቤት ነው የወጣሁት። የእናቴ ታናሽ ወንድም በቀይ ሽብር ከቤት እንደተወሰደ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በር ሲንኳኳ ቀና ትል ነበር። ስለዚህ «አብዮት» እና «ነጻ አውጪ» የሚሉ ቃላት ስሰማ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። ክርስቶስ ነጻ ያወጣን ከኃጢአት ነው ተብለን ተምረናል። ደመወዝ ከሚቀማ ሰው ነጻ መውጣትስ የወንጌሉ ክፍል ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው? ሮሜሮን የገደሏቸው ወንጌል ስለሰበኩ ነው ወይስ ፖለቲካ ስለተናገሩ? የምታውቁ አስረዱኝ። ስድብ ግን አልፈልግም።

መልስ፦ የድሮው አስተማሪ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንቺ ልበልሽ። በመጀመሪያ ገንዘብሽ ስለተመለሰልሽ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ወለጋ ተወልጄ ያደግሁ የመካነ ኢየሱስ ሰው ነኝ። ብዙ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አስተምሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ከሮሜሮ ሕይወት ነበር የምጀምረው፤ ላንቺም ከዚያው ልጀምር።

ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1977 ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ደስ ያላቸው ባለ መሬቶቹ ነበሩ። ዝምተኛ፣ ከመጽሐፋቸው የማይለዩ፣ ነገር የማያነሡ ሰው ናቸው ተብሎ ነው። ለድሆቹ የቆሙት ካህናት ግን አዘኑ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ወዳጃቸው ሩቲሊዮ ግራንዴ ተገደሉ። ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆኑ ካህን ነበሩ። አጊላሬስ በሚባል የሸንኮራ አገዳ አገር ገበሬዎቹን እየሰበሰቡ ወንጌል ያስነብቧቸው ነበር። ማርች 12 ቀን ወደ ኤል ፓይስናል ለቅዳሴ ሲሄዱ መኪናቸው ላይ ተኮሱባቸው። አብረዋቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌና አንድ ለጋ ልጅም ሞቱ። ሮሜሮ በዚያው ሌሊት ሄደው ሦስቱን አስከሬን አዩ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ ይባላል። ያደረጉትን ተመልከቺ። ከስምንት ቀን በኋላ በነበረው እሑድ በሀገረ ስብከታቸው አንድ ቅዳሴ ብቻ እንዲኖር አዘዙ፤ እሱም በካቴድራሉ። ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ዝግ ነበር። ግድያው እስኪጣራም በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ላይ አልገኝም አሉ።

ባልደረባሽ ስለ ሬዲዮው የነገረችሽ ልክ ነው። የእሑድ ስብከታቸው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ የዕለቱን ምንባብ ያብራራሉ። ከዚያ የሳምንቱን ይናገራሉ። ማን ታሰረ፣ ማን ጠፋ፣ ማን ተገደለ፣ የት ቦታ። ጣቢያውን በቦምብ መቱት፤ ጠገኑትና ቀጠሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ በይው። ስሙ የሚመጣው ወንጌሉ ከተነበበ በኋላ ነው። ለእሳቸው የስሞቹ ንባብ የወንጌሉ ትርጓሜ ነበር።

ማርች 23 ቀን 1980 እሑድ ወታደሮቹን በቀጥታ አናገሯቸው። የምትገድሏቸው ገበሬዎች የገዛ ወንድሞቻችሁ ናቸው፤ አትግደል ከሚለው የእግዚአብሔር ሕግ በላይ የአለቃ ትእዛዝ የለም አሏቸው። በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ፣ አዛችኋለሁ፣ ግፉን አቁሙ አሉ። በማግስቱ ማታ የካንሰር ሕሙማን በሚታከሙበት ሆስፒታል ጸሎት ቤት ሲቀድሱ አንድ ጥይት ደረታቸውን መታቸው። የሚኖሩትም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በትንሽ ቤት ነበር።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ሮሜሮ የነጻነት ሥነ መለኮት ጸሐፊ አልነበሩም። ስሙን ያወጡለት የፔሩ ቄስ ጉስታቮ ጉቲዬሬዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቺምቦቴ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ንግግር አደረጉበት። በዚያው ዓመት የላቲን አሜሪካ ጳጳሳት ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ሜዴሊን ላይ ተሰብስበው ስለ ድህነትና ስለ ፍትሕ ተናገሩ። የጉቲዬሬዝ መጽሐፍ በ1971 ወጣ። በ2024 እስኪሞቱ ድረስ አንድ ጥያቄ ነበር የሚያስጨንቃቸው። ያለ ጊዜው የሚሞተውን ድሃ እግዚአብሔር ይወድሃል ብዬ እንዴት ልንገረው? የሚል ነው።

እሳቸው ነጻነትን በሦስት ያዩታል። አንደኛው ከሚያስርብና ከሚረግጥ ሥርዓት መላቀቅ ነው። ሁለተኛው ሰው ከውስጥ ቀና ብሎ የራሱን ሕይወት ራሱ መምራት መቻሉ ነው። ሦስተኛው ከኃጢአት ነጻ መውጣት ነው፤ ሥሩ እሱ ነው ይላሉ። ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ ግን አይነጣጠሉም። መክብብ በሦስት የተገመደ ገመድ ፈጥኖ አይበጠስም ይላል አይደል? እኔ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነበር የማስረዳው። ደመወዝሽ ሲመለስ የመጀመሪያውን ክር ነካሽ። ስምሽ ሲጠራ ጉልበትሽ የተንቀጠቀጠው ደግሞ ሁለተኛው ክር ይመስለኛል።

መጽሐፍ ቅዱሱም ቢሆን አይከፍለውም። ዘጸአትን ክፈቺ። እግዚአብሔር ሕዝቡ የሚጮኸውን ሰማ። የሚጮኹት ስለ ጡብ ሥራ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እነዚያ አሠሪዎች «አስገባሪዎች» ይባላሉ። አባቴ ገባር ነበር። ይህን ቃል ሲያነብልን ድምፁ ይቀየር እንደነበር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ደግሞ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። ደመወዙ!

ስለ ኮሚኒዝሙ አንድ ነገር ልጨምር። እኛም ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩን። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበሩ ጊዜ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ውጭ ያሉ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ስብከት ሲሆን እጃቸው ያጥራል። ደብዳቤው ሰውን ለሁለት አትክፈሉት አላቸው። ሆዱና ነፍሱ የአንድ ሰው ናቸው። ይህን የተናገሩት ከላቲን አሜሪካ ቀድተው አይመስለኝም። ነቀምቴ ሆስፒታል በሽተኛ ሲያስታምሙ የኖሩ ሰው ነበሩ።

ከአገር ውጡ ተብለው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከአምልኮ ሲወጡ ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ታሰሩ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እህቴ፣ ቀኑን አስተያይው። ቄስ ጉዲናና ሮሜሮ የተገደሉት በስምንት ወር ልዩነት ነው። ሮሜሮን ቀኝ ክንፎቹ የገደሏቸው ኮሚኒስት ብለው ነው። ቄስ ጉዲናን የገደሏቸው ኮሚኒስቶቹ ናቸው። ሁለቱም የያዙት ቃል ግን አንድ ነበር።

መልስ፦ ዲያቆኑ (ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ የቄስ ጉዲናን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ። በዚያው ዓመት እኮ ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስም ታንቀው ተገድለዋል። ሆኖም ልቤ ያልተቀበለውን ልናገር።

አንደኛ፣ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። የዮሐንስ ወንጌል «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» ይላል። ይህን «አርነት» የሚለውን ቃል ዛሬ አገራችን ውስጥ ብትጠራው ሰው ወንጌል ትዝ አይለውም፤ ግንባርና ጠመንጃ ነው ትዝ የሚለው። «ነጻ አውጪ»ም እንደዚያው ነው። ቃሉን ወስደውብናል። ስለዚህ እህታችን ሰውነቴ ይሸማቀቃል ያለችው ልክ ናት።

ሁለተኛ፣ ኒካራጓን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሳንዲኒስታ የሚባሉት የግራ አብዮተኞች አምባገነኑን ሶሞዛን ሲጥሉ ብዙ ካህናት አብረዋቸው ነበሩ። ከድል በኋላ ሚኒስትር ሆኑ። ገጣሚው ቄስ ኤርኔስቶ ካርዴናል የባህል ሚኒስትር ሆኑ። ሚጌል ዴስኮቶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በማርች 1983 የሮሙ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ማናጓ ሲያርፉ ካርዴናል ተንበርክከው ተቀበሏቸው። ጳጳሱ ጣታቸውን እየነቀነቁ ገሠጿቸው። ፎቶው ዛሬም አለ። በኋላ ምን ሆነ? ካርዴናል ራሳቸው በ1994 ፓርቲውን ጥለው ወጡ። ያው የሳንዲኒስታዎቹ መሪ ዳንኤል ኦርቴጋ በስተመጨረሻ ጳጳስ አሳሪ ሆነ። አቡነ ሮላንዶ አልቫሬዝ በፌብሩዋሪ 2023 የ26 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። በጃንዋሪ 2024 ወደ ሮም ተባረሩ። ነጻ አወጣሃለሁ ያለው ሰው ወንበር ሲይዝ ምን እንደሚሆን እኛ ኢትዮጵያውያን ማንም እንዲነግረን አያስፈልግም። መሬት ላራሹ ብሎ የመጣው ነው እኮ ከየቤቱ ልጅ የለቀመው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1984፣ ካርዲናል ራትዚንገር የእምነት ጉዳይ ኃላፊ በነበሩ ጊዜ፣ ይህንኑ አስጠንቅቃለች። የክርስቶስን ማዳን ወደ መደብ ትግል አታውርዱት ብላለች።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። እኛ በየቀኑ የእመቤታችንን ጸሎት እንደግማለን። «ነሠቶሙ ለኃያላን እመናብርቲሆሙ፣ አዕበዮሙ ለትሑታን» እንላለን። ኃያላንን ከዙፋናቸው አወረደ፣ ትሑታንን ከፍ አደረገ ማለት ነው። ቀጥሎም የተራቡትን አጠገበ፣ ባለጠጎችን ባዷቸውን ሰደደ ይላል። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በግዕዝ በቃሌ ብዬዋለሁ። ዘንድሮ የእህቴን ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ነው ቆም ብዬ የሰማሁት። ይህን የምትለው የናዝሬት ድሃ ልጅ ናት።

አቡነ ጴጥሮስም በ1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች ፊት ቆመው ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዝተዋል። ማንም ፖለቲካ ተናገሩ ብሎ አይነቅፋቸውም፤ ሐውልት ነው ያቆምንላቸው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን መጮኽ አለባት። ወንበሩ ላይ ግን አትቀመጥ። መጮኹ እንዳለ ሆኖ ንስሐ የሚባለው ነገር ከተረሳ ደግሞ ነገ የሚቀማን ዛሬ ከእኛ ጋር የተሰለፈው ሰው ነው።

መልስ፦ የድሮው አስተማሪ

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። በኒካራጓው አልከራከርህም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የ1984ቱ ጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ድሆችን ለሚያገለግሉት እንደ ነቀፋ እንዳይወሰድ፣ ግፍ እያየ ለሚተኛም ምክንያት እንዳይሆን ራሱ ተናግሯል። በ1986 ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ተከትሎት ስለ ክርስቲያናዊ ነጻነት በሰፊው አስተምሯል።

ሮሜሮም አንተ የፈራኸውን ፈርተውታል። በኦገስት 1979 በጻፉት መልእክት በአገራቸው ሦስት ጣዖታት አሉ አሉ። ሀብት፣ የአገር ደኅንነት፣ ሦስተኛው ደግሞ ድርጅት። የሕዝብ የሚባለውም ድርጅት ሲመለክ ጣዖት ይሆናል ማለታቸው ነው። ግራ ክንፎቹ ሰው ሲያግቱና ሲገድሉ ያንንም ከመድረክ ያወግዙ ነበር። ጠላታቸው የበዛው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

መልስ፦ ከሮም

እህቴ፣ የዘገየሁት ሥራ ይዞኝ ነው። እኔ ካቶሊክ ነኝ። ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ ነው የምኖረው። በርዕስሽ ላይ ለጻፍሽው ጥያቄ ቤተ ክርስቲያኔ የሰጠችውን መልስ ልንገርሽ። እኔም በቦታው ነበርኩና።

የሮሜሮ ጉዳይ ቫቲካን ውስጥ ለብዙ ዓመት ተይዞ ቆየ። ክርክሩ ልክ ያንቺ ጥያቄ ነበር። ሰማዕት የሚባለው ስለ እምነቱ የተገደለ ነው። ኤል ሳልቫዶር የክርስቲያን አገር ናት፤ ክርስቲያን ክርስቲያንን ሲገድል ይህ የፖለቲካ ግድያ ነው እንጂ ሰማዕትነት እንዴት ይባላል? አሉ። በፌብሩዋሪ 2015 ጳጳሱ ፍራንቼስኮ ወሰኑ። የተገደሉት በእምነት ጥላቻ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት በሜይ «ብፁዕ» ተባሉ፤ በእኛ ዘንድ ቅዱስ ከመባል በፊት ያለው ደረጃ ነው።

ኦክቶበር 14 ቀን 2018 ቅዱስ ተብለው ሲታወጁ የማስታምማቸው እናት ልጃቸው መጥታ ስለነበር ፈቃድ አገኘሁ። ሌሊት ነበር የወጣሁት። አደባባዩ ላይ ከኋላ ነው ቦታ ያገኘሁት። ጳጳሱን የማየው በትልቁ ስክሪን ነው። አጠገቤ ሰማያዊና ነጭ ባንዲራ የያዙ የሳልቫዶር ሴቶች ነበሩ። አንዷ ክንዴን ይዛ በጣቷ የጳጳሱን ወገብ አሳየችኝ። ምን እንደምትለኝ መጀመሪያ አልገባኝም። ጳጳሱ የታጠቁት ገመድ ሮሜሮ በተገደሉበት ቀን ታጥቀውት የነበረው ነው። ደሙ አለበት። አልታጠበም።

ቄስ ለቅዳሴ ሲታጠቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አባቴ ካቴኪስት (የእምነት አስተማሪ) ስለነበር ገመዱን አጣጥፎ የሚያስቀምጠው እሱ ነበር። እንደዚያ ቀን ግን አልቅሼ አላውቅም። ሴትዮዋ ክንዴን እስከ መጨረሻው አልለቀቀችውም።

ሥነ መለኮት አልተማርኩም። የድሮው አስተማሪና ዲያቆኑ የተናገሩት ሁለቱም ልክ ይመስለኛል። ያየሁትን ነው የጻፍኩልሽ።

መልስ፦ የላውንደሪዋ እናት (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋሼ፣ የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 ለልጆቼ አነበብኩላቸው። ትልቋ «ይህ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው?» ብላ ራሷ ስልኳ ላይ ፈለገችው። ዲያቆን፣ ጸሎቱን እኔም በየማታው እላለሁ፤ ከእንግዲህ ስለው ቀስ እላለሁ።

ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። ተቆጥተው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና «ሌሎቹስ? የሁሉም ተከፈላቸው?» አሉኝ። አንዷ እንደቀረባት ነገርኳቸው። ከሆቴሉ ሳይከፈላት የወጣች ልጅ አለች። ስሟን ጠየቁኝ፣ ጻፉት። ማንን እንደሚያናግሩ አልነገሩኝም። እሑድ ግን ቀድመው እሳቸው ናቸው ያነሡብኝ።

ለባልደረባዬ ደግሞ የሮሟን እህት ታሪክ ተረጎምኩላት። የገመዱን ነገር ታውቀዋለች። ቤቷ ቴሌቪዥን ላይ አይታዋለች። ከዚያ ከዚህ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። ማርች 30 ቀን 1980 ሲቀበሩ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ይዛት ካቴድራሉ ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ቦምብ ፈነዳ፣ ተኩስ ተከፈተ። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። እናቷ በእጇ አንጠልጥላ ሮጠች። አንድ ጫማዋ እዚያው ቀረ። ጥቁር፣ ማሰሪያ ያለው፣ ለቁርባን የተገዛላት ጫማ ነበር። በማግስቱ አደባባዩ በጫማ ተሞልቶ ነበር ይባላል፤ እናቷ ግን ልትፈልገው አልሄደችም።

ይህን ስትነግረኝ አንሶላውን እንደያዝን ቆመን ነበር። እኔም የአጎቴን ነገር ነገርኳት። ለማንም ፈረንጅ ነግሬ አላውቅም። ቀይ ሽብር የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምለው እንኳ አላወቅኩም። ብቻ «ወታደሮች፣ ሌሊት፣ አልተመለሰም» አልኳት። ገባት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። «ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።

ማርች 24 ቀን እነሱ ቅዳሴ ላይ የጠፉና የተገደሉ ዘመዶቻቸውን ስም ያነባሉ። ማንም ሰው ስም ማስገባት ይችላል። የሌላ አገርም ቢሆን ትላለች። ያቺኑ የልጅ ደብተር አውጥታ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። በእነሱ ፊደል ጻፍኩላት። ስሙን በወረቀት ላይ ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴም ጽፋው የምታውቅ አይመስለኝም፤ መጻፍ አትችልም ነበር።

ለቅዳሴው ሁለት ሳምንት ቀርቷል። የዚያን ቀን እኔም ፈረቃ ቀይሬያለሁ። ስሙን የምታነበው እሷ ናት፤ ስለዚህ በየቀኑ እያጠፍን ትለማመዳለች። የራሱን ስም ይዛዋለች። የአባቱ ስም መሀል ላይ ያለችው «ጸ» ነው የምታስቸግራት። አንሶላውን ይዘን መሀል ላይ ስንገናኝ አርማታለሁ፣ እሷም ደግማ ትለዋለች።